ሽፍታም ገባርም ያልሆኑት

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ባሉት ካፌዎች ፖለቲካ በተነሣ ቁጥር ክርክሩን የሚዘጋ አንድ አባባል አለ፤ «እዚህ አገር ሰላማዊ ትግል አይሠራም»። ተናጋሪው ማኪያቶውን እያማሰለ ማስረጃውን ይደረድራል። ቴዎድሮስ ሸፍተው ነው የነገሡት፣ ደርግ የወደቀው በጠመንጃ ነው፣ ኢሕአዴግም አዲስ አበባ የገባው በታንክ ነው። ሕዝቡ ወይ ይሸፍታል ወይ ይገብራል፤ መሃሉ ላይ ያለው ሁሉ ፈረንጅ በፕሮጀክት ያመጣው ወሬ ነው። የሚገርመው አባባሉ በመንግሥት ደጋፊም በተቃዋሚም አፍ እኩል መመላለሱ ነው። አንዱ «ስለዚህ ዝም በሉ» ሊልበት፣ ሌላው «ስለዚህ ጫካ ግቡ» ሊልበት።

ሁለቱም የአገራቸውን ታሪክ በግማሽ ነው ያነበቡት።

መረጃው ሩቅ አይደለም፤ ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ ራሳቸው ይበቃሉ። ባለፈው ግማሽ ክፍለ ዘመን በዚህች ከተማ ካቢኔ ያስለቀቀው፣ ደንብ ያሳገደውና ባለሥልጣን ለድርድር ያስቀመጠው ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃ አልያዘም። አንድ መንግሥት በየቀኑ የሚፈልገውን ነገር፣ ታክሲን፣ ትምህርትን፣ ጉልበትን፣ ዝምታን ወይም ጭብጨባን መንፈግ ነበር። ጥይት ስለማይተኮስበት ዘፈን አይወጣለትም፤ ዘፈን ስለሌለውም አልተደረገም ይባላል።

ቦሌ አየር ማረፊያን እንውሰድ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከተማሪዎች ንቅናቄ የወጡት ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ያሉበት የሰባት ወጣቶች ቡድን ከዚያ በተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ተሳፈረ። አውሮፕላኑ አየር ላይ እንዳለ ጠለፋው ተጀመረ፣ የጥበቃ ሰዎች ተኮሱ፣ የእጅ ቦምብ ፈነዳ። ስድስቱ ሞቱ፤ ከጠላፊዎቹ የተረፈችው ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ነበረች። አብራሪው የቆሰለውን አውሮፕላን መልሶ ቦሌ አሳረፈው። ዋለልኝ እስከ ዛሬ ይወደሳል፣ ይረገማል፣ በየስብሰባው ይጠቀሳል። በዚያ ጠለፋ ምክንያት ግን ከሥልጣኑ የተነሣ ሚኒስትር የለም።

ዐሥራ አራት ወር አለፈ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ምክንያታቸው የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል መናሩ ነበር። ያን ዕለት መምህራንም አደሙ፤ የእነሱ ጥያቄ ደግሞ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ይመለከት ነበር። ማንም «ንጉሡ ይውረዱ» ብሎ አልተነሣም። ጥያቄው የቤንዚንና የደመወዝ፣ የልጆች የትምህርት ዕድል ነበር። በቀናት ውስጥ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ሪቪውም ታገደ። ዐሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ከ1953 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። ቦምብ የያዙት ያላነቃነቁትን ካቢኔ ታክሲ ነጂና መምህር ገፍተው ጣሉት።

እዚህ ላይ የካፌው ተከራካሪ እጁን ያነሣል፤ «ወታደሩስ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ወታደሩም ነበር። የዚያ ዓመት ወታደራዊ አመጽ የጀመረው ግን ጥር ላይ ነገሌ ቦረና ውስጥ ነው፤ መነሻውም ውኃና ቀለብ ነበር። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ሊመረምሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸው፣ የወታደር ቀለብ አበሏቸው፣ የወታደር ውኃ አጠጧቸው። መሣሪያ የታጠቀ ሰው እንኳ አቤቱታውን ለማሰማት መጀመሪያ የመረጠው ሳህንና ጣሳ ነው። ወታደሩ ከተማዋን ለማስገበር ጠመንጃውን ከማዞሩ በፊት ከተማዋ ራሷን በራሷ አቁማ ነበር።

ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የከተማዋ ካህናት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አነሡ። ሚያዝያ 12 ቀን መቶ ሺሕ የሚገመት ሙስሊም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጣ፣ ክርስቲያኖችም አብረውት ነበሩ። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው መከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በእነዚህ ቀናት ቢሮው ተዘግቶለት ቤቱ የሚያርፍ የቦሌ ሠራተኛ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የአንድ ሰላማዊ ሰልፍን ፍሬ እየበላ ነው። «አይሠራም» እያለ ቢበላም ያው ነው።

«ፍሬውንማ ደርግ በላው» የሚለው ክርክር ከበድ ያለ ነው፤ መልስም ይገባዋል። አዎ፣ በላው። በዚያ ዓመት ከተማዋን ካቆሙት ሁሉ ከላይ እስከ ታች የተደራጀው ሠራዊቱ ብቻ ስለነበር ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ስለ ድርጅት ነው፤ አድማ ከንቱ ነው የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይገኝም። ደርጉ ራሱ ምን አሰበ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ባወረደበት ዐዋጅ ላይ አድማንና ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። አዲስ መንግሥት፣ ሥልጣን በያዘበት ዕለት፣ ታንክ በእጁ እያለ፣ የፈራው ሥራ ያቆመን ሰው ነበር።

ፍርሃቱም እዚያው ቦሌ ላይ ደም አፈሰሰ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበሩ የሕዝብ መንግሥትና የመደራጀት ነፃነት የሚጠይቅ የአቋም መግለጫ አወጣ። የአየር መንገዱ ሠራተኞች አየር ማረፊያው ላይ ያንን ወረቀት ሲበትኑ ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ሰባት ሰው ሞተ። ቀናት ሳይቆይ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ማኅበሩም ዓመቱ ሳያልቅ ፈረሰ። ከዚያው ሜዳ ተነሥተው ከሦስት ዓመት በፊት ስለሞቱት ስድስት ጠላፊዎች መጻሕፍት ተጽፈዋል። እነዚህን ሰባት ወረቀት በታኞች ግን ስንት የቦሌ ነዋሪ ያውቃቸዋል? ተሸንፈዋል፣ ይህ አይካድም። መሸነፋቸው የተረሱበት ምክንያት እንዳይመስለን ግን ጠላፊዎቹም ተሸንፈዋል።

ሁለተኛው የተለመደ ክስ ሰላማዊ ተቃውሞ ባዕድ ነው፣ የእኛ ሰው ሲከፋው ዱር ቤቴ ይላል የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አያቱን አላነጋገረም። የንጉሥ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ማለት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ መጥናት፣ በቅኔና በአዝማሪ ግጥም መውጋት ከየትኛውም ፕሮጀክት በፊት ነበሩ። ገዢዎቹ ራሳቸው «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው የእረኛን ዘፈን ወደው አልነበረም፤ የአገሩ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ የሚያሳይ ሌላ ጋዜጣ ስላልነበራቸው ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት ስለ ድሆች ድብቅ እምቢታ የጻፈውን መጽሐፍ የከፈተው የኢትዮጵያ ነው ባለው ምሳሌ ነው፤ ጌታው ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ ስለሚነሣና ጎንበስ ባለበት ከኋላው ሌላ መልስ ስለሚሰጥ ገበሬ የሚናገር ምሳሌ። ጨዋ መጽሔት ዝርዝሩን ባይጽፈውም አንባቢ ይገባዋል።

የጎጃም ነገርም እዚህ ጋ ይመጣል። በ1960 የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመጽ ሁልጊዜ «ጎጃም ሸፈተ» ተብሎ ይተረካል። ሆኖም ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር የተቃወመው መጀመሪያ በአቤቱታ ነው። መልእክተኛ መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ላከ። መልስ ሲያጣ ገማቾቹን መሬቴን አትረግጡም አለ። ጥይቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ውዝፍ ግብሩ ተማረ፣ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። ትረካው ግን የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ይዞ ቀረ፣ ምክንያቱም ተኩስ ያለበት እሱ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ልጁን ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ቆጥ ላይና ጎተራ ውስጥ የደበቀ ወላጅ፣ ዘመድ ቤት ያሸሸች እናት ነበሩ። ሠራዊቱ ሰው ያጣው በጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም። ለእነዚህ ወላጆችም ሜዳልያ አልተሰፋም።

አሁን ወደ መራራው ምዕራፍ። በ1997 ምርጫ ዋዜማ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀው ሕዝብ የቦሌን መንገድ አፍ ድረስ ሞልቶት ነበር። ከምርጫው በኋላ ተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊዎቹን የጠየቀው የመኪና ጡሩምባ እንዲነፉና ከገዢው ፓርቲ ጋር የተያያዙ ድርጅቶችን ምርት እንዳይገዙ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1998 ዓ.ም. ጡሩምባው ተነፋ፣ ነጂዎች ታሰሩ፣ በማግስቱ ጥይት ተተኮሰ። በሰኔና በጥቅምት የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ መዝግቧል። «ይኸው፣ አልሠራም!» የሚለው ሰው ትልቁ ማስረጃው ይህ ነው።

ማስረጃነቱ ግን እሱ ለሚለው አይደለም። በዚያ ሳምንት ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ነበር፤ ጡሩምባ መንፋትና አስፋልት ላይ ከታጠቀ ኃይል ጋር መጋፈጥ። ሁለተኛው ላይ መንግሥት ምንጊዜም የበላይ ነው፤ ጠመንጃው እሱ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ላይ ግን ያለው አማራጭ ጡሩምባ የነፋ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ማለት ብቻ ነበር፤ አለም። ደግሞስ በጠመንጃ የተሞከረው ነገር ስንት ሰው በላ? ለሰላማዊ ሰልፍ 193 ሟች ተቆጥሮ «ከሽፏል» ሲባል፣ ደርግን ለጣለው የዐሥራ ሰባት ዓመት ጦርነት ሟች ማንም ሳይቆጥር «ሠርቷል» ይባላል። ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሒሳቡን በዓለም ደረጃ የሠሩት ኤሪካ ቼኖዌዝና ማሪያ ስቴፈን እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን አነጻጽረው ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ በትጥቅ የተካሄዱት 26 በመቶ ግባቸውን እንደመቱ ጽፈዋል። ቼኖዌዝ ራሷ ከ2010 ወዲህ የሰላማዊዎቹ ስኬት መውረዱን አልደበቀችም። ቁጥሩ ለኢትዮጵያ ዋስትና አይሆንም፤ «አይሠራም» የሚለው ቃል ግን ከየት እንደመጣ ያስጠይቃል።

ወደ ምሥራቁ እንመለስ። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት መገናኛ ላይ የወያላ ድምፅ ጠፋ። «ቦሌ፣ ቦሌ!»፣ «አያት፣ ሲኤምሲ!» የሚል የለም። ተሳፋሪው ግን በየተራው ተሰልፏል፤ የቢሮ ቦርሳ፣ የምሳ ዕቃ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች። ግማሹ ሰዓቱን እያየ በእግሩ ወደ ሃያ ሁለት ቁልቁል ጀመረ። ሚኒባስ ነጂዎቹ ያደሙት የጥፋት ነጥብ እየቆጠረ መንጃ ፈቃድ በሚያግደው የትራፊክ ደንብ ላይ ነበር። መፈክር አልያዙም፣ ሰልፍ አልወጡም፣ ቤታቸው ተቀመጡ። የደንቡ ተፈጻሚነት ለሦስት ወር ተራዘመ። አንድ ነገር የጠየቀ፣ የጠየቀውን ማን ሊሰጠው እንደሚችል ያወቀ አድማ እንዲህ ያደርጋል። (ደንቡ ለመንገድ ደኅንነት ይጠቅም እንደነበር መከራከር ይቻላል። እዚህ የተያዘው ክርክር ግን ስለ ጥያቄው ትክክለኛነት ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው።)

በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ምልክቱን እሱ አልፈጠረውም፤ የኦሮሚያ ተማሪዎች የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲቃወሙ ያጣምሩት የነበረ ነው። ማስተር ፕላኑ ራሱ ከዚያ በፊት፣ በጥር 2008፣ ተሰርዟል። ፈይሳ ሁለት ዓመት በስደት ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦሌ ሲያርፍ አቀባበል ተደረገለት። በመካከሉ ብዙ ደም ፈስሷል፣ ንብረትም ተቃጥሏል። ልዩነቱን ግን ማየት ያስፈልጋል። በ2009 መጀመሪያ እርሻና ፋብሪካ ሲቃጠል የተገኘው መልስ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነበር። የካቲት 5 ቀን 2010 ዓ.ም. በኦሮሚያ ከቤት ያለመውጣት አድማ ሲጠራ፣ ሱቅ ሲዘጋና መንገድ ጭር ሲል ግን በማግስቱ የተቃዋሚ ፖለቲከኛው በቀለ ገርባ ከእስር ተፈቱ፣ የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አቀረቡ። ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ቢከተልም ሰውየው አልተመለሱም።

በ2015ም ቦሌ ሌላ ዓይነት እምቢታ አየች። ጥር 14 ወሊሶ ላይ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የጳጳሳት ሢመት ተካሄደ። ቅዱስ ሲኖዶስ በጾመ ነነዌ ሦስት ቀናት፣ ከጥር 29 እስከ የካቲት 1፣ ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ጠራ። በእነዚያ ቀናት የቦሌ መድኃኔዓለም ዐጸድ ነጠላ የለመደ ዓይንን የሚያደናግር ነበር፤ ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ሻሽ፣ የልቅሶ ቀሚስ ከቁም ሣጥን የወጣ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ያንኑ ልብስ ለብሶ ባንክ ገባ፣ ቢሮ ገባ። ጥቁር በመልበሳቸው ከመሥሪያ ቤት በር የተመለሱ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል፤ ሻሸመኔ ላይም ሰው ተገድሏል። ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ለየካቲት 5 የተጠራው ሰልፍ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠቅላይ ሚኒስትሩና አባቶች ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ ሰልፉም ተላለፈ። ስምምነቱ ሁሉን አረካ ለማለት አይቻልም። መንግሥትን ወደ ጠረጴዛው ያመጣው ግን የልብስ ቀለም ነው።

የካፌው አባባል ከሁሉ በላይ የሚፈርሰው ሕግ ሲገለጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ሰላማዊ ሰልፍን፣ በአንቀጽ 42 የሥራ ማቆምን መብት ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደግሞ አድማ የማይፈቀድባቸውን አገልግሎቶች ይዘረዝራል፤ አየር መንገድ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ቴሌኮም፣ ሆስፒታል። ለክልከላው ጥሩ ምክንያት አለ ብንል እንኳ፣ ዝርዝሩ አድማ የት ቦታ ቢደረግ አገር እንደሚያቆም የሚያሳይ ካርታ ነው። የማይሠራ ነገርን ማን ይከለክላል? በነሐሴ 2010 መጨረሻ የቦሌ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ጡረተኞች ተጠሩ፣ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሲያድሙም እስር ተከተለ።

በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ ዓይነት እምቢታ ያሳያል። ልብስ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ባለፋብሪካዎች በየመድረኩ «የሥራ ዲሲፕሊን የላቸውም» ይላሉ፤ ይቀራሉ፣ ኮታ አያደርሱም፣ ሳይናገሩ ጥለው ይሄዳሉ። በሐዋሳው ፓርክ ላይ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ጥሎ መሄድ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው ወይስ መልስ? ማኅበር በሌለበት ወይም ማኅበሩ በደከመበት ቦታ የሴቶቹ አድማ በእግር ነው። ማኅበር ሲኖርስ? በ2010 የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ረቂቁን ተቃውሞ አገር አቀፍ አድማ እጠራለሁ ሲል ረቂቁ ተመልሶ ለድርድር ቀረበ። አድማው አልተካሄደም፤ ዛቻው በቃ። በኋላ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ፤ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለሉ ግን ለዓመታት ሳይቆረጥ ቆየ።

ስለዚህ ማከራከር ያለበት ጥያቄ ይሠራል አይሠራም የሚለው አይደለም፤ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። የ1966ቱ ጠቅላላ አድማ ከጥቂት ቀናት አልዘለለም። ሚኒባስ ነጂው መኪናው የራሱ ካልሆነ የዕለት ገቢ ለባለቤቱ ይቆጥራል፤ አንድ ቀን ሲቆም ለነገው ዕዳ ገብቶ ነው። ጎሮ ላይ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩት የቦሌ ለሚ ሴቶች ሳምንት ቢያድሙ የቤት ኪራዩ አይጠብቃቸውም። ገንዘብ በሌለበት ድፍረት የሚሄደው እስከ ወር መጨረሻ ነው። ከተማዋ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ ችግር ሲመጣ መካፈልን ከማንም አትማርም። በየኮንዶሚኒየሙ፣ በየመንደሩ ዕድር አለ፤ ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበር፣ የባንክ ደብተርና የማይታማ ገንዘብ ያዥ ያለው። ገንዘቡ በመተዳደሪያ ደንቡ ለቀብርና ለሐዘን ታስሯል፤ አንዳንዱ ዘንድ ለሕመምም። ደንቡን ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ያሻሽለዋል።